የልጅሽ ምዝገባና የእኔ የክትባት ካርድ

ውድ እህቴ፣ ከሰላምታው በፊት ኃጢአቴን ልናዘዝ፦ እማዬ የምትነግረኝን ብቻ መጻፍ ሲገባኝ የራሴንም እየቀላቀልኩ ነው።

እማዬ፣ "ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን። ልጅሽ የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት ገባችልሽ፤ ምንም አልተቸገርንም" ብለሽ ጻፊ ብላኛለች።

ምንም? የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር! እማዬ ልጅሽንና እኔን አስከትላ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ የክትባት ካርዱን በኩራት ዘረጋች። መዝጋቢዋ አይታ፣ "እናቴ፣ ይህቺ ልጅ እኮ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው" አለቻት። ለካ ያመጣችው የእኔን ካርድ ነው! "ትክክለኛው እስኪመጣ ከዚህ ወንበር የሚያነሳኝ የለም" ብላ ተደላድላ ተቀመጠች፤ እኔ ወደ ቤት በረርኩ።

ካርዱን ይዤ ስመለስ ልጅሽ ጠረጴዛው ፊት ቆማ እስከ ሃያ እየቆጠረች ነበር። መዝጋቢዋ ስሟን እየጻፈች "ማን አስተማራት?" ስትል፣ እማዬ ደረቷን ነፍታ "እናቷ ናታ፣ በስልክ!" አለች። ውሸቷን ነው፤ ካሮት እየላጠች ያስቆጠረቻት ራሷ ናት።

ሰኞ የልጅሽ የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ ጠዋት ደውይላት ትልሻለች እማዬ። ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፣ እንደ ወጣሽ...

ይኸው እማዬ ወረቀቱን አይታ ጮኸችብኝ፦ "አንቺ ፌንጣ! 'ደህና ነን' ለማለት ይህ ሁሉ ወረቀት?"