ክርኔ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም

ለእህቴ ልጅ ለዶክተር ኤደን
ጅማ

የእኔ እመቤት፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ቤትሽ እንዴት ነው? ዝናቡስ ለቀቃችሁ? ትንሿ ጸሎት ጥርስ አበቀለች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? እኔ አጎትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔን የማያምኑት ጎረቤቶቼ ናቸው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በደወልኩ ቁጥር እናትሽ ድምፁን ከፍ አስደርጋ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ነው። ስለዚህ ፖስታውን ሁለት ጊዜ በፕላስተር አሽጌ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለካሣሁን ሰጥቼዋለሁ። ፕላስተሩ ተነካክቶ ከደረሰሽ ምሳ እንዳትጋብዢው።

እንደምታውቂው ሠላሳ ዓመት ወርቅ የሠራሁት ቀኝ ክርኔን ባንኮኒው ላይ ደግፌ ነው። ከሐምሌ ወዲህ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዙብኛል። ሥላሴ አካባቢ ዶክተር አስገዶም የሚባል የነርቭ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ጣቴን ባሳየው ክርኔን ይዞ ቁጭ አለ። ወዲያው ጠረጠርኩት። ቀለበት ሊያስጠብብ የመጣን ሰው እግሩን ብለካው ምን ይለኛል? በኤሌክትሪክ እየነዘረ ለካኝና "የነርቭዎ መልእክት ክርንዎ ጋ ሲደርስ ያዘግማል" አለኝ። ማሽኑ ለመጣው ሁሉ እንዲህ የሚል መስሎኝ "እስቲ ግራዬንም ለካው" አልኩት። ግራዬ እንደ ሚኒባስ ከነፈ። አፈርኩ፤ ግን አላሳየሁትም።

ያኔ ነው ደውዬ የጠየቅሁሽ። አንድ የነርቭ ሕዋስ ገላ አለው፣ እንደ ቅርንጫፍ የተበተኑ መቀበያዎች አሉት፣ መልእክት የሚልክበት አንድ ረጅም ጅራትም አለው አልሽኝ። ጅራቱ ላይ እንደ ሽቦ ልባስ ስብ ነገር ተጠቅልሎበታል፤ ክርኔ ላይ የተጎዳው እሱ ሳይሆን አይቀርም አልሽ። ይሁን። ጣቴን የሚያዘው ሕዋስ አንገቴ አካባቢ አከርካሪዬ ውስጥ ተቀምጦ ጅራቱን ብቻ እስከ እጄ ይዘረጋል ስትዪኝም ዋጥኩት። ነገር ግን ሕዋሶቹ እርስ በርስ አይነካኩም፣ በመሃላቸው ክፍተት አለ፣ መልእክቱ ጅራቱ ጫፍ ሲደርስ ኬሚካል ይረጭና ኬሚካሉ ተሻግሮ ማዶ ያለውን ሕዋስ ይቀሰቅሳል ስትዪኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ይህቺ ልጅ እያሾፈችብኝ ነው አልኩ። በእኔ ሙያ ያልተነካካ አይበየድም።

ያሳመነችኝ እናትሽ ናት። ከሐኪሙ ስወጣ ዶቃ ሻጯ መይሙና አየችኝ። እሷና እናትሽ ከተኮራረፉ መንፈቅ አልፏቸዋል፤ በአንድ በር አይወጡም። መይሙና ግን ለሰዓት ሠሪው ለሸምሰዲን "ጋሽ ዓምዴን ነርቭ ሐኪም ጋ አየኋቸው" ትለዋለች፤ ሸምሰዲን ከንፈሩን እየመጠጠ ለእናትሽ ያሻግርላታል። ሳይነካኩ ተነጋገሩ! በሠፈራችን ደግሞ "ነርቭ" ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ሰውየው ለየለት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስቀልድ የሚመልስልኝ ጠፋ። ሸምሰዲን እንኳ፣ በየቀኑ "ወርቅህ ከእኔ ሰዓት በፊት ይዝጋል" የሚለኝ ሰውዬ፣ አሁን "ልክ ነህ ዓምዴ፣ ልክ ነህ" ይለኛል። ሸምሰዲን ልክ ነህ ካለኝ አንድ ነገር አለ። አንዲት ሙሽራ ወርቋን ሳይሠራ መልሳ ወሰደች። እናትሽ የመበየጃዬን ጋዝ አልጋዋ ሥር ደብቃለች፤ ጋዝ ላይ የምትተኛዋን ግን ማንም ሐኪም ጋ አልወሰዳትም። አንቺስ ባለፈው "ጋሼ፣ እንቅልፍ ይወስድዎታል?" ያልሽኝ ለምንድን ነው? ማን አስጠየቀሽ?

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ክርኔ ላይ ቀዶ ጥገና ካልተደረገልኝ የእጄ ጡንቻ እየሟሸሸ ይሄዳል ተብያለሁ። በአውራ ጣቴና በጠቋሚዬ መሃል ያለው ሥጋ ጎድጉዷል፤ ራሴ አይቼዋለሁ። ቀጠሮዬ ታኅሣሥ 7 ነው። ቤተሰብ ይፈርም ቢባል እናትሽ "የወንድሜን ጭንቅላት አላስከፍትም" ብላ እስክሪብቶውን ወረወረች። ክርን ነው ስላት "አዎ ወንድምዬ፣ ክርን ነው" ትለኛለች፤ ሕፃን በሚያስተኙበት ድምፅ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ጋዙ ከመደበቁ በፊት ሐብል ስበይድ የሆነ ነገር ሸተተኝ። ሸምሰዲን ምን እያቃጠለ ነው ብዬ ልሰድበው ዞርኩ። የምትቃጠለው ትንሿ ጣቴ ነበረች። ምንም አልተሰማኝም። ለእናትሽ ድስት ነክቼ ነው አልኳት። እኔን አታምነኝም፤ አንቺን ግን ታምናለች። ስለዚህ በእጅሽ ጽፈሽ፣ ማኅተምሽን መትተሽ፣ የሚከፈተው ክርን መሆኑን አስረጂያት። የጣቴንም ነገር አትደብቂያት። ትደንግጥ፤ ደንግጣ ትፈርም።

ለባለቤትሽ ለኤርሚ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ባለፈው ዳማ ያሸነፍኩት አንድ ጠጠር ደብቄ እንደነበር ንገሪው። ጸሎትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአከራያችሁ ለወይዘሮ ሀኒፋ የላኩልኝ ማር መድረሱን ንገሪያቸው፤ እጃቸው ይባረክ። ሁላችሁንም በሰላም ያቆይልኝ።

አጎትሽ ዓምደሚካኤል
አራዳ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.