ያልቆጠርኳቸው ሳምንታት

የሻረግ ሆዴ፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን አውጥተናል። የመቃብርሽ ድንጋይም ቆሟል፤ ጠራቢው አንድ ፊደል ስቶ ነበርና አርሞ እስኪያመጣ ድረስ አላስተከልኩትም። እንደምታውቂኝ ነኝ።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ጌሾሽን እኮተኩታለሁ። አልጋዬን ወደ ሳሎን አውጥቼዋለሁ፤ መኝታ ቤታችን ውስጥ ብቻዬን መተኛት አልሆነልኝም። ይህን የምጽፍልሽ ግን የቤቱን ወሬ ላደርስሽ አይደለም። አትጠገብ ወልዳለች፤ ሴት ልጅ፣ በሰባት ወር እርግዝናዋ። በሕፃኗ ላይ ያጠፋሁት ጥፋት አለ። መጀመሪያ ለአንቺ ልናገረው። ሌላ ሰው ቢያነበውም አይከፋኝም፤ እንዲያውም ያንብበው።

ልጃችንን ምጥ የያዛት ሞጣ፣ ባሏ ቤት ሳለች ነው። ሕፃኗ ስትመዘን አንድ ኪሎ ከሩብ ብቻ ሆነች። ወዲያው ወደ ባሕር ዳር ተላኩ። ሃያ ስድስት ቀን በማሞቂያ ክፍል፣ ኦክስጅን በአፍንጫዋ እየተሰጣት ቆየች። ከዚያ በርትታለች ተብላ ሞጣ ተመለሱ፤ እኔም ከቢቸና ተነስቼ ሄድኩ። የልጅቷ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ያን ሰሞን መንገድ ተዘግቶበት ደጀን ቆሞ ነበር። ቤት ውስጥ አትጠገብ፣ አማቷ እትዬ ጥሩወርቅና እኔ ብቻ ነበርን።

ከሆስፒታሉ የተሰጣት ወረቀት «አራት ሳምንት ሲሆናት የዓይን ምርመራ፣ አዲስ አበባ» ይላል። ጮክ ብዬ ሳነበው እትዬ ጥሩወርቅ እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«ሰማንያዋ ሳይሞላ? ክርስትና ያልተነሣች ልጅ ዓባይን ልታሻግሯት ነው? ኧረ መምህር፣ አንቱ እያሉ!»

አትጠገብ ዝም አላለችም። «አባዬ፣ የባሕር ዳሯ ነርስ የዓይኑን ነገር አደራ ብላኛለች» አለች።

እኔን ግን ያስፈራኝ የእትዬ ጥሩወርቅ ቁጣ አልነበረም። ሮብ ገበያ ትምህርት ቤት ሳስተምር ያለ ጊዜው የተወለደውን የመጀመሪያ ልጃችንን አስቢው። በጥጥ ጠቅልለሽ ደረትሽ ላይ አድርገሽው ሰነበትሽ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ትንፋሹ ሲያጥረው ጤና ጣቢያ እንውሰደው ያልኩት እኔ ነኝ። በዚያ ጭጋግ፣ ከጋቢዬ ሥር ይዤው ስንሄድ፣ ሳንደርስ ዝም አለ። አንቺ ወዲያው አላለቀስሽም። «ባላወጣነው» አልሽ፣ ይህችን ብቻ። ከዚያ በኋላ በኖርንባቸው ዓመታት አንድም ቀን አልደገምሻትም። እኔ ግን ብርድ በመጣ ቁጥር እሰማት ነበር።

ስለዚህ ይህችኛዋን ላለማውጣት ምክንያት ፈለግኩ፤ አገኘሁም። ነርሷ ለአትጠገብ «ክብደቷንና መቀመጧን ከሌሎች ልጆች ጋር አታወዳድሪ፤ መወለድ ከነበረባት ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ» ብላታለች። እኔም አሰላሁት። መወለድ የነበረባት ገና ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው። ከዚያ አራት ሳምንት ሲጨመር ከሰማንያው ቀን በኋላ ይውላል። ክርስትናዋም ይደርሳል፣ ብርዱም ያልፋል፣ ወረቀቱም ይከበራል። ሁሉም ግጥም አለልኝ። አትጠገብ «አባዬ፣ የዓይኑ ግን ለብቻው ነው ያለችኝ ይመስለኛል» ስትለኝ «ቁጥሩን ለእኔ ተይልኝ» አልኳት። ለአርባ ዓመት ስንት ልጅ በዚህ ድምፄ ዝም አሰኝቻለሁ።

ደግሞም ራሴ ፈተንኳት። ሰሌዳ የማይታያቸውን ልጆች ለይቼ ፊት ወንበር የማስቀምጥ ሰው አልነበርኩ? የስልኬን መብራት ከሩቅ አሳየኋት፤ ጨፈነች። ዓይኖቿ ጥርት ያሉ ናቸው። ምንም የላትም አልኩ።

በተወለደች በአርባ ስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነርሷ ደወለች። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ታየች?»

«ገና ነው፣ ቀኗ አልደረሰም» ብዬ ስሌቴን አስረዳኋት። «የዓይኑ የሚቆጠረው ከተወለደችበት ቀን ነው» አለችኝ። እንዳስረዳችኝ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች በዓይናቸው ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ገና የደም ሥሩ ተዘርግቶ አላለቀም፤ ከተወለዱ በኋላ ሥሮቹ ያለ አግባብ እያደጉ ሽፋኑን ሊጎትቱት፣ አልፎም ሊያላቅቁት ይችላሉ። ከውጭ ምንም አይታይም። በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። «ዛሬውኑ ተነሡ፣ ጋሼ» አለችኝ።

መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሦስት ቀን ማለዳ ማለዳ መናኸሪያ እየሄድኩ «ዛሬ ይወጣል?» እላለሁ፤ «እንጃ አባት» ይሉኛል። ስመለስ አትጠገብ በር ላይ ቆማ ፊቴን ታያለች። እትዬ ጥሩወርቅ ስለ ሰማንያው ማንሣት ትተው የሕፃኗን ልብሶች ቋጥረው አስቀምጠዋል።

በአራተኛው ቀን ሚኒባስ ተገኘ። በቢቸና ሳልፍ ጣሪያችንን በመስኮት አየሁት፤ አልወረድኩም። ደጀን ላይ የልጅቷ አባት ተቀላቀለን። ወደ ዓባይ ስንወርድ ሙቀቱ በረታ፤ አትጠገብ የልጅቷን ፎጣዎች አንድ በአንድ እየገለጠች እስትንፋሷን ታዳምጣለች።

አዲስ አበባ ያገኘናት የዓይን ሐኪም ገና ወጣት ናት። ለልጅቷ ጠብታ አደረጉላት፣ የዓይኗን ቆብ በትንሽ ሽቦ ከፍተው ያዙ። ልጅቷ ጮኸች። አባቷ ወጣ፤ እኔ ቆሜ አየሁ። ማየት ነበረብኝ። ሐኪሟ ቀና ስትል «የቀኙን ዛሬውኑ በመርፌ እናክማለን፣ ተስፋ አለው። የግራው ግን ሽፋኑ ለቋል» አለች።

«መቼ ብንመጣ ኖሮ?» አልኳት።

«አሁን ይህን ባይጠይቁኝ።»

«ንገሪኝ ልጄ። አስተማሪ ነኝ፤ ስንት እንደሳትኩ ማወቅ አለብኝ።»

«ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ቢሆን» አለች፤ ዓይኔን ሳታይ።

ኮሪደሩ ላይ ለአትጠገብ «ቆጠራው የኔ ነው፤ አንቺ ትክክል ነበርሽ» አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እያወቅኩ ለምን ዝም አልኩ?» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ይህን ዝምታ ማን እንዳስተማራት አንቺም ታውቂያለሽ።

ቀኙ ዳነ። እየተመላለስን አስመርምረናታል፤ ሐኪሟም ታያለች ብላለች። ግራው አያይም፤ እንደማያይም ነግረውናል። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ቄሱን «ለታመመ ልጅ ቀኑ እስኪሞላ ይጠበቃል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ማን ጠብቁ አላችሁ? ቀድማችሁ ብትነግሩን እዚያው ቤት መጥተን እናጠምቃት ነበር» አሉኝ። አልጠየቅናቸውማ። እትዬ ጥሩወርቅ አሁን በሠፈሩ ያለ ቀኗ የወለደች አለች ሲባል ከማንም ቀድመው ይደርሳሉ። «ዓይኗን አሳይተሻል? ሂጂ፣ ቤቱን እኔ እጠብቅልሻለሁ!» ይላሉ።

ልጅቷ አሁን አምስት ወሯ ነው። ከእናቷ ጋር እኔ ዘንድ ቢቸና መጥታ ሰንብታለች። ስጠራት አንገቷን ጠምዘዝ አድርጋ በቀኟ ታየኛለች፤ ካገኘችኝ ትስቃለች። ፈገግታዋ ያንቺ ነው፤ ይህን የምልሽ ላስደስትሽ አይደለም፣ አትጠገብም ብላዋለች።

ስታድግ ለምን አንዱ እንደማያይ ትጠይቃለች። እትዬ ጥሩወርቅ «ከእግዜር ነው ይበሏት» ይሉኛል። አልልም። ስለ አንቺ እነግራታለሁ፤ እጅሽ እንዴት ይሞቅ እንደነበር፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ስንት ቀን በደረትሽ እንዳኖርሽው። አንቺን ሳላነሣ አንድ ቀን አይመሽብኝም። የራሴንም አልደብቃትም፤ እስክትጠይቀኝ ለመኖር መድኃኒቴን በሰዓቱ እየወሰድኩ ነው። ያን ቀን በቀኟ በኩል እቀመጣለሁ፤ ስነግራት ፊቴን እንድታየው።

ባልሽ፣
ከቢቸና