በራሴ ወንበር ላይ

ሐሙስ፣ ግንቦት ፯ ቀን፣ ከፀጉር ቤቱ

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ብርዱስ? ያቺ ነዝናዛ አለቃሽስ? እኔ ደህና ነኝ። "አባባ መቼ ደህና አይደለሁም ብሎ ያውቃል" ብለሽ እንዳትስቂብኝ፤ የዛሬው እውነተኛው ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ስታለቅሺ መስማት አልችልም፤ ስለዚህ እስክሪብቶ አነሳሁ።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ ሱቁን ልዘጋ ስል ባዶው ቤት ፊቴ ላይ ድቅን ይል ነበር። ሆድ ይብሰኛል። ታዲያ በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ኬክ ቤት ነው። ባለቤቱን፣ ጉንጬ የምንለውን፣ ታውቂው የለ? "ለአንተ ብዬ የደበቅኳት" እያለ ትልቁን ቁራጭ ያቀርብልኛል። በዚያ ላይ አንቺ የምትልኪው ቸኮላት አለ። ስበላ ሐዘኔ ዝም ይላል፤ ሳህኑ ባዶ ሲሆን ይመለሳል።

ከዚያ ዓይኔ ይደበዝዝብኝ ጀመር። አንድ ቀን ጡረተኛውን መምህር ስላጭ ምላጩ ሸርተት አለና ጆሮው ሥር ደም አየሁ። እሱስ "ተወው፣ ድሮም አይሰማ" ብሎ ቀለደ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሐኪም ቤት ስሄድ ሐኪሟ ስኳሬን ለካችና መድኃኒት አዘዘችልኝ። "አባቴ፣ ይሄ ካልወረደ ምላጩን ያስቀምጡ" አለችኝ። ልጄ፣ ምላጬን ካስቀመጥኩ እኔ ምን ቀረኝ?

"ሲከፋዎት ምን ያደርጋሉ?" ስትለኝ "እበላለሁ" አልኳት።

"ደንበኛዎ ከፍቶት ሲመጣስ ምን ያደርጉለታል?"

ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ ፊቱ ላይ አደርግለታለሁ፣ ትከሻውን አሸዋለሁ፣ የሆዱን ሲያወራ እሰማዋለሁ። ለራሴ ግን አንድም ቀን አድርጌው አላውቅም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንኳ አላውቅም፣ ይታይሽ! ፀጉር አስተካካይ ሁሌ ከኋላ ነው የሚቆመው።

"አባባ፣ ፈቃድ ከለከሉኝ፣ ዘንድሮም አልመጣም" ያልሽኝ ዕለት፣ ለአንቺ ያዘዝኩት ኬክ እዚሁ መስታወቱ ሥር ነበር። ስልኩን እንደዘጋሁ ቢላዋ አነሳሁ። ብቻዬን ልጨርሰው ነበር። ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁት፤ አሳዘነኝ። ቢላዋውን አስቀመጥኩና መጋረጃውን ሳብኩ። ፎጣውን ነክሬ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ከፎጣው ሥር ለእናትሽ ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ስነሳ እንደ አዲስ ሰው ቀለለኝ፤ ጺሜን በደንብ ተላጨሁና ኬኩን ልመልስ ጉንጬ ጋ ሄድኩ።

"ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?" አለኝ።

"አይ፣ እኔ ልስተካከል ብዬ ነው።"

አሁን ሱቁን ስዘጋ መጀመሪያ ፎጣዬ፣ ከዚያ ከጉንጬ ጋር እስከ ድልድዩ በእግር። "አክሳሪዬ!" እያለ መንገዱን ሙሉ ይሰድበኛል፤ ግን አንድም ቀን አይቀር። የሚያምረኝ ቀን የለም አልልሽም፣ አለ። የሰው ደስታ ላይ ትንሽ እቀምሳለሁም። ለሐዘን ግን አልበላም።

ትናንት ሐኪሟ "ወርዷል!" ብላ ከወንበሯ ተነሳች። ዓይኔም ጠርቷል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? መምህሩ! ያንኑ ጆሮውን አዙሮ ሰጠኝ። አንዲት ጭረት የለችም፤ እንዲያውም ምላጬ አንገቱ ላይ እያለ አንኮራፋ! እልል በይልኝ፣ ልጄ!

እና ቸኮላቱ ይብቃ። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ "ደህና ነኝ አባባ" ስትዪኝ ሁሌ አፍሽ ሙሉ ነው። ስታኝኪ እሰማሻለሁ። የማን ልጅ ሆነሽና!

ከደብዳቤው ጋር ነጭ ፎጣ ልኬልሻለሁ። በሙቅ ውሃ ንከሪው፣ ጥሩ አድርገሽ ጭመቂው፣ ፊትሽ ላይ አድርጊና እንደልብሽ አልቅሺ። ካልወጣልሽ ደውዪልኝ። ከእንግዲህ ስታለቅሺ መስማት እችላለሁ።

ክፉ አይንካሽ፤ ያሰብሽው ይሳካ፤ በሄድሽበት ሁሉ የሚወድሽ ሰው አይጥፋ። ወንበሩ ይጠብቅሻል።

ጺሙን በራሱ እጅ ተላጭቶ የጻፈልሽ፣
አባትሽ