የእናትሽን ሻሽ ይዘን ድልድዩን ስንሻገር

ውድ ባለቤቴ ማርታ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሆነ። ይህን በጽሑፍ ሳሰፍረው የመጀመሪያዬ ነው፤ እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ እንኳ የምንናገረው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። ምክንያቱን አንቺ አታውቂውምና ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ልንገርሽ። እናትሽ መሞትሽን አልሰሙም።

እናትሽ ባሉበት በሆሳዕና ከተማ ለቅሶ አልተቀመጠልሽም። ድንኳን አልተተከለም፤ አብሮ አደጎችሽ ስምሽን እየጠሩ አላለቀሱም። ባረፍሽ ማግስት ወንድምሽ ታደሰ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ የእማዬን ልብ ታውቃለህ፤ እባክህ መስቀል ይለፍ» አለኝ። መስቀል በእናንተ አገር ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ እሺ አልኩ። መስቀል አለፈ፤ «ገና ይለፍ» አለ። ገናም አለፈ፤ ጾም ገባ። እኔም በቀብርሽ ዕለት በእድሩ አዳራሽ ቆሜ፣ ማንም ፎቶሽን ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፍ፣ ወሬው በስልክ ወደ አገር ቤት እንዳይሄድ ለመንኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ ቃሌን ጠበቀ። የእድሩ ሰብሳቢ ሆኜ በኖርኩበት ዘመን እንደዚያ ቀን ተሰምቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም በገዛ ንግግሬ አፍሬ አላውቅም።

ሰፈራችን ቪከሪ ሜዶ ውስጥ መርዶ ለመንገር ስንት በር ጎህ ሲቀድ እንዳንኳኳሁ አንቺ ታውቂያለሽ። ካፖርቴን የምታቀብዪኝ አንቺ ነበርሽ። «መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው የሚሰማው የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው» ብዬ የተከራከርኩት፣ የእድሩ ደንብ ውስጥም ያስገባሁት እኔ ነኝ። አሁን ያ ደንብ እኔኑ አሰረኝ። ቤድፎርድ ያለው ክሊኒክ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቴን ያጥብልኛል፤ ሐኪሜም ረጅም በረራ ከልክሎኛል። የሰው ሁሉ በር ያንኳኳሁት ሰው የእናትሽ በር ደርሼ ማንኳኳት አቃተኝ።

ልጃችን ሊዲያ ሜስኪት ያለውን ቤቷን ለቃ ወደ እኔ መጥታለች። የሥራ ልብስሽ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ እሷም አታነሣውም፣ እኔም አላነሣውም። ደግ ልጅ ናት። ነገር ግን ደግነቷ አንድ ነገር አሠርቷታል፤ እኔም ዝም ብዬ አየሁ። እናትሽ በየሳምንቱ እሑድ «ማርታ የት ናት?» ሲሉ፣ ሥራ ላይ ናት አልን። ጉሮሮዋን ታማ ድምፅ የላትም አልን። ምክንያት ሲያልቅብን ሊዲያ ከስልክሽ ውስጥ የቆየ የድምፅ መልእክት አግኝታ ላከችላቸው። «እማዬ፣ አሁን ሥራ እየገባሁ ነው፤ በኋላ እደውልልሻለሁ፤ እሺ የኔ እናት» ትያለሽ። በዳኝነት ዘመኔ ሁሉ በችሎት ሐሰተኛ ምስክር ሲቆም እያየሁ የተቆጣሁ ሰው፣ በገዛ ሚስቴ ድምፅ ሲመሰከር አላስቆምኩም። ታደሰ እንደነገረኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትሽ መብራት በጠፋ ቁጥር ስልካቸውን ጎረቤት ልከው ቻርጅ ያስደርጋሉ። «በኋላ» ያልሽውን እየጠበቁ ነው።

ስለ ጉዞው ልጻፍልሽ። ከሥራ ባልደረባሽ ከሉፔ ጋር በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግታችሁ ያቀዳችሁት የአንድ ቀን ጉዞ ዛሬም አልተረሳም። እናትሽ ታመው በዳኑ ጊዜ ለእመቤታችን የተሳልሽው ስለት ነበር። አገር ቤት ሄደሽ ለማድረስ ፈቃድ ስላላገኘሽ፣ ሉፔ ከድንበሩ ወንዝ ማዶ ያለችውን፣ የእመቤታችን ምስል ያለባትን የተሳላሚዎች ከተማ ነገረችሽ። «ከተማዋ ትንሽ ናት፤ እናቲቱ ግን ትልቅ ናት» አለች። ሰዎች ከበሩ እስከ መቅደሱ በጉልበታቸው እንደሚሄዱ፣ የዳኑ ሰዎች ክራንቻቸውን፣ ሴቶች ሹሩባቸውን ቆርጠው፣ እናቶች የልጆቻቸውን ፎቶ እዚያ ትተው እንደሚመለሱ ስትተርክ እጅሽን አገጭሽ ላይ አድርገሽ ታዳምጪያት ነበር። እኔ ኦርቶዶክሱ ባልሽ፣ «በጉልበት የምትሄዱ ከሆነ እኔ መኪናውን እጠብቃለሁ» ብል፣ «አንተማ ዳኛ ነህ፤ ከመኪናው ሆነህ ትፈርድብናለህ!» ብለሽ ሉፔን በሣቅ ገደልሻት። እናትሽም በሕመማቸው ጊዜ አስረውት የነበረውን ብርቱካናማ ሻሽ በመንገደኛ ላኩልሽ፤ «ይህን ከእግሯ ሥር አኑሪልኝ፤ ስታኖሪው ፊትሽን በስልክ ልየው» አሉ። ለመንገድ የሚቀቀለውን እንቁላል ሳይቀር ቆጥረሽ ነበር። ጉዞው ሳምንት ሲቀረው ሥራ ላይ ወደቅሽ፤ አልተነሣሽም።

ሻሹ መሳቢያሽ ውስጥ ነው። እናትሽ ስለ እሱ መጠየቅ አላቆሙም። መንገዱ ሩቅ ነው አልኩ፤ ሙቀቱ ከባድ ነው አልኩ፤ ሙቀቱ ሲያልፍ ፓስፖርቷ ይታደሳል አልኩ። ማርትዬ፣ ሥራሽንም ጉሮሮሽንም ፓስፖርትሽንም ሁሉንም በአንቺ አላከክሁ። አንቺ ቆመሽ መልስ መስጠት አትችዪም ነበር።

ባለፈው እሑድ ግን እንደወትሮው አልጠየቁኝም። ድምፃቸው ቀዝቅዞ፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ» አሉ። አወቁ ብዬ ነበር። «ማርታን ምን አስቀየምኳት? በስለቱ ስላስቸገርኳት ነው? እንግዲህ ትተወው፤ ሻሹንም ትጣለው። እኔን መቀየሟን ብቻ ትተው» አሉኝ።

ሰባት ወር ሙሉ ከሐዘን የጠበቅናቸው መስሎን ነበር። ለካ ከሐዘን የከፋ ነገር ሰጥተናቸዋል። «የወለዷት ልጅ ሞተች» ከማለት ይልቅ፣ «የወለዷት ልጅ በሕይወት እያለች ጠላችዎት» ብለን ነግረናቸዋል። የትኛው ልብ ነው ይህን ችሎ መርዶን የማይችለው? «አልተቀየመችዎትም እማማ» አልኳቸው። «እንግዲያው ለምን አትደውልም?» አሉ። መስመሩ የተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁት። ከዚያ የሥራ ልብስሽን ከበሩ ጀርባ አውርጄ ፊቴን ቀበርኩበት። ሽታሽ ከላዩ ጠፍቷል፤ ወይም እኔ ማሽተት ተስኖኛል። ሊዲያ መጥታ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ ለታደሰ ደወልኩ። «እማዬ ብትሞትስ?» አለ። «እኔ በልጃቸው እንደተጠሉ አምነው እንዳይሞቱ ነው የምፈራው» አልኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት። የሰበካቸውን ቄስና ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ራሱ ሊያናግር ተስማማ።

ስለዚህ ጉዞውን ዳግመኛ አቅደነዋል። ሊዲያ በመጀመሪያ፣ «አባዬ፣ ዶክተሩ ኖ ብሏል፤ ሶ ኖ ነው!» ብላ ነበር። አያቷ ያሉትን በሙሉ ስነግራት ተነሥታ የመኪናዋን ጎማ ልታስፈትሽ ሄደች። ቅዳሜ የኩላሊት እጥበቴን እንደጨረስኩ እንነሣለን፤ ከወንዙ በዚህኛው ዳር አድረን እሑድ ማለዳ ከሉፔ ጋር ድልድዩን እንሻገራለን። ሰኞ እንደገና ክሊኒክ እገባለሁ። ሰውነቴ የፈቀደልኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያንን ቀን ለአንቺ ሰጥቻለሁ። ሉፔ ከትናንት ወዲያ መጥታ ካርታውን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጋ አንቺ ትቀመጪበት የነበረውን ወንበር ለቃ ቆማ ነው ያሳየችን። «እንቁላሉን እኔ እቀቅላለሁ» ብላለች። በጉልበቷ የምትሄደውም እሷ ናት፤ እኔ ከጎኗ ሻሹን ይዤ እራመዳለሁ። መኪና አልጠብቅም።

ሻሹን ከእግሯ ሥር ሳኖር ለእናትሽ አልደውልም። «ፊቷን አሳየኝ» ይሉኛልና። ምሽቱ ገፋ ሲል ግን፣ እኛ ለመመለስ ድልድዩ ላይ ተሰልፈን ሳለን፣ ሆሳዕና ላይ ጎህ ይቀዳል። ሽማግሌዎቹ በራቸውን ያንኳኳሉ። ታደሰ ከጀርባቸው ሆኖ ይደግፋቸዋል። ደንቤ ይፈጸማል፤ እኔ ግን በቦታው አልኖርም። ማርትዬ፣ እፈራለሁ። ከዚያ ድልድይ ላይ ልቤ ወደ የትኛው ዳር እንደሚሄድ አላውቅም። ልባቸው ባይችልስ የሚለውን ሐሳብ አላባረርኩትም፤ አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሣል።

ይህን ደብዳቤ የእድራችን አባላት የሚያነቡት እኛ ከተመለስን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከጣልኩባቸው ዝምታ ነፃ ናቸው። ፎቶሽን ይለጥፉ፤ ስምሽን ጮክ ብለው ይጥሩ፤ ያላለቀሱልሽን ያልቅሱልሽ። እኔም እስከ ዕለተ ሞቴ ድረስ ስላንቺ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምናገረው እውነቱን ብቻ ይሆናል። ላስታውስሽ የምችለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ አንቺን መደበቅ ነበር።

ድልድዩ ላይ ስልኬን በእጄ እይዛለሁ። እናትሽ እንባቸውን አፍስሰው፣ አቅም አግኝተው ሲደውሉልኝ አስቀድመው የሚጠይቁኝን አውቃለሁ። «እንግዲያው አልተቀየመችኝም ነበር?» ይሉኛል።

ሰባት ወር ሙሉ እውነተኛ መልስ የነበረኝ ለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

ባልሽ