የአጎትሽ ጣትና የመምህርሽ ሴሎች

ግንቦት 11 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣ ለጠያቂዋ፦

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን፤ ከአንድ ጣቴ በስተቀር። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሺኝ፣ በግራ እጄ ነው።

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። «መምህሬ እንዳስረዱኝ» የሚለውን ዘጠኝ ቦታ አገኘሁት። እናትሽ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ትቀናለህ?» አለችኝ። «እኔ? በማን?» አልኳት። ለአንቺ ግን እውነቱን ልናገር፦ አንጀቴ እርር ብሏል።

ነጭ የደም ሴሎች የባክቴሪያን መርዝ ዝም ብለው አይቆርጡትም ብለሻል። መርዙ ተጠቅልሎ የጠበቀ ፕሮቲን ስለሆነ፣ መጀመሪያ የራሳቸውን ትንንሽ ፕሮቲኖች ለቀው ያላሉታል፤ ከዚያ ኢንዛይሞቹ ይቆራርጡታል። ድንቅ ነው! ግን በሰባት ዓመትሽ፣ ወንበር ላይ ትራስ ደርቦ ከጎኑ አስቀምጦሽ፣ «ሰዓት ሲፈታ መጀመሪያ ሞላውን አላልተሽ ነው» ያለሽ ማን ነው? ፕሮፌሰር መምህርሽ?

ከዐሥር ቀን በፊት አንድ የዛገ ሞላ ተፈትልኮ የቀኝ ሌባ ጣቴን ወጋኝ። ቀላ፣ አበጠ። ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ይሄዳል። እኔ የሰዓት ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ስድስት ቀን ሙሉ እብጠቱን ስለካ፣ ስመዘግብ ከረምኩ። ፕሮፌሰሩ የሚያስተምሩሽን እኔ በገዛ ጣቴ አይቼ ልጽፍልሽ!

በሰባተኛው ቀን ሐኪም ቤት ስሄድ ሐኪሙ ሲያየኝ ጮኸ። «አባባ፣ እስከዛሬ ምን ይጠብቁ ነበር?»

«ነጭ የደም ሴሎቼ ሥራቸውን እስኪጨርሱ።»

«ባክቴሪያው እኮ እነሱ ከሚያፈርሱት በላይ መርዝ እያመረተ ነው!»

ይህን አልጻፍሽልኝም ነበር። ፕሮፌሰሩ አላስረዱሽም መሰለኝ።

አሁን አልጋ ይዤ በክንዴ መድኃኒት ይገባልኛል። ሐኪሙ የጣቴን የላይኛውን አንጓ ሐሙስ መቁረጥ ይሻላል ይላል፤ ትንሽ መታገሥም ይቻላል፣ ግን እጄን ሊያሳጣኝ ይችላል። ያለዚህ ጣት ወረንጦ እንደማልይዝ ታውቂያለሽ። «ከቤተሰብ የሚያማክሩት አለ?» ሲለኝ ሳላስብ የአንቺን ስልክ ሰጠሁት። እናትሽ ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስታ ዛሬውኑ ትልክልሻለች፤ ሐኪሙ ነገ ይደውልልሻል።

የሚልሽን ሰምተሽ ወስኚልኝ። ይቆረጥ ካልሽ እሺ፣ ይቆይ ካልሽም እሺ። ዓይንሽ አይድከም፣ እጅሽ አይንቀጥቀጥ፣ የጀመርሽው ሁሉ ይሙላልሽ። መምህርሽን ግን እንዳትጠይቂ። ጣቴ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

አጎትሽ፣
ሰዓት ሠሪው