አጥሩ የተሠራው በመጀመሪያዋ ፍየል ልክ ነበር

ደርባን፣ እሑድ ኖቬምበር 28 ቀን 2021

ለእናቴ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የኢክሶፖ ጭጋግ በጋ ክረምት የማይለይ ነገር ነውና ጠዋት ጠዋት ያቺን ወፍራም ሹራብ አትተዪ። የዓይንሽን ሞራ የሚገፍፈው ሐኪም ቀጠሮሽን ለሦስተኛ ጊዜ እንዳዛወረው ማዙንጉ በስልክ ነግራኛለች። ጎረቤትሽ መቼም ሳትነግረኝ የምታልፈው ነገር የለም። ፍየሎቹስ? አንድ ቀንዷ የተሰበረው አሁንም የማዙንጉን ጎመን እየጎበኘች ነው? እኔ በፈጣሪ ፈቃድና በቀደሙት አባቶቻችን ጥበቃ ደህና ነኝ። ካንቺ ናፍቆትና ከእንቅልፍ እጦት በቀር የጎደለኝ የለም።

እስከ ዛሬ ደብዳቤዎቼን የምታነብልሽ ማዙንጉ ነበረች። የዛሬውን ግን ለእሷ አልሰጠሁም። ትወድሻለች፣ እኔንም ትወደኛለች፤ ግን እሷ ሐሙስ የሰማችውን እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ይሰማዋል። ስለዚህ በሌላ ሰው እጅ ላክሁት። ፖስታውን አሽጌ ነው የሰጠሁት፤ ውስጡ ያለውን አያውቅም። ማስክ አድርጎ፣ ከግቢው በር ውጭ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልሽ ነግሬዋለሁ። አንቺ በረንዳው ላይ ከወንበርሽ አትነሺ። ከበሩ ውጭ ያቆምሁት ስለ አዲሱ በሽታ ነው፤ በሌላም ምክንያት ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ደብዳቤው ሳያልቅ እንዳትመልሽው። አንቺ የልጅሽን ወሬ መሐል ላይ አቋርጠሽ አታውቂም።

ባለፈው ሳምንት በስልክ ሁለት ነገር ጠየቅሽኝ፤ ለሁለቱም «ቆዪ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁ። አልደወልሁም። ፈርቼ ነው፣ እማ።

የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይህ ነበር። ጃንዋሪ ላይ አባዬ ዓመት ይሞላዋል፤ አንቺም ጥቁርሽን የምታወልቂበት የማንጻት ቀን ነው። «አዲሷ ኮሮና ለስላሳ ናት እያሉ ነው፤ እንግዲያ ሰፈሩን ሁሉ ልጥራ? ወይስ እናንተ ላብራቶሪ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ሌላ ልትፈለፍሉ ነው?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ማዙንጉም ከኋላ ሆና «እነሱ ናቸው ከድስት ያወጧት!» ስትል ሰምቻታለሁ።

ከድስትስ አላወጣናትም። የሆነውን ልንገርሽ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። መመርመሪያው ቫይረሱን የሚያውቀው በሦስት ምልክት ነው፤ ያን ቀን ግን ናሙና ከናሙና ሁለቱ ምልክት ይመጣል፣ ሦስተኛው ይቀራል። አብራኝ የምትሠራው ፕሬሽኒ «ይህ ማሽን ደግሞ ዛሬ ምን ነካው? እንደ ባሌ ሁለቱን ነግሮኝ አንዱን ይደብቀኛል» ብላ ሳቀች። ፈሳሹን ቀየርን፣ ማሽኑን አጸዳን፣ ደግመን ሞከርን፤ ያው ነው። ከዚያ የቫይረሱን ፊደል ከራስ እስከ እግሩ ስናነበው ሠላሳ የሚያህል ቦታ ላይ ተቀይሮ አገኘነው፤ ሰው ላይ በሚጣበቅበት እሾሁ ላይ ብቻ ማለቴ ነው። ፕሬሽኒ ያን ቀን ደግማ አልቀለደችም። ከትናንት ወዲያ ኦሚክሮን ብለው ስም አወጡላት። እሳት አየን ብለን ስለጮኽን ዓለም ምስጋናውን አይሮፕላን በመከልከል ከፈለን፤ እሱን ተዪው።

አንቺ ፍየል ታውቂያለሽና በፍየል ላስረዳሽ። ሰው አንዴ ሲታመም ወይም ሲከተብ ሰውነቱ አጥር ያጥራል። አጥሩ የሚታጠረው ባያት ፍየል ልክ ነው። አምና ጁላይ ላይ የመጣችው የመጀመሪያዋ ነበረች። ሁለተኛዋ አምና በዓመቱ መጨረሻ ከምሥራቅ ኬፕ ተነሳች፤ እሷ በአጥሩ ሥር ሾልካ ማለፍ የለመደች ነበረች። ዘንድሮ በክረምት ያየናት ሦስተኛዋ ጉልበተኛ ናት፤ ከቀደሙት ይልቅ ፈጥና ተዛመተች፣ የያዘችውንም በርትታ ጎዳች፤ አጥር ግን ብዙ ጊዜ ይመልሳት ነበር። ይህች አራተኛዋ ከሁሉም የምትፈጥን ትመስላለች፣ አጥሩንም የምታልፍ ትመስላለች። ከገባች በኋላ በቆሎውን ከሥሩ ትነቅለዋለች ወይስ ቅጠሉን ቀንጥባ ትሄዳለች? የጠየቅሽኝ ይህንን ነው።

አላውቅም፣ እማ። ማንም ገና አያውቅም። «ለስላሳ ናት» የሚሉት እስካሁን የታመሙትን አይተው ነው፤ እነሱ ደግሞ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። የሃያ ዓመት ልጅ ሳል የሰባ ዓመት ሴት ሳንባ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ለስላሳ የመሰለችው እኛ ቀድመን ታመንና ተከትበን ስለጠበቅናት ይሆናል፤ በራሷም ለስላሳ ትሆን ይሆናል። ፕሬሽኒ «አጥሩን ብታልፍ እንኳ ግቢ ውስጥ ውሻ አለ» ትላለች፤ ክትባቱ በሰውነት ውስጥ የተወውን ሌላውን ጉልበት ማለቷ ነው። አንቺ ሁለቱንም ክትባት ወስደሻልና ውሻሽ እንደሚነክሳት ተስፋ አደርጋለሁ። ተስፋ ግን እውቀት አይደለም።

ስለዚህ ሰፈሩን ሁሉ አትጥሪ። የቤት ሰው ብቻ ይምጣ። ከቤት ውጭ፣ ዛፉ ሥር፣ ነፋስ ባለበት ይሁን። ጠላው ከአንድ ማሰሮ ከአፍ ወደ አፍ አይዙር፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ኩባያ ይሰጠው። አጎቴ «በኩባያ የተጠጣ ጠላ የውሃ ዘመድ ነው» ብሎ ያኮርፋል። ያኩርፍ።

አሁን ያቺን «አላውቅም» የምትል ቃል መጻፍ ለምን እንደከበደኝ ልነግርሽ ነው። አንባቢው እዚህ ላይ ዝም ካለ «አንብብ» በይው። አንዲት መስመር እንዳይዘል።

አምና ዲሴምበር 12፣ ቅዳሜ ቀን፣ ወንድሜ ከኮክስታድ የታክሲ ተራ ደወለልኝ። ከምሥራቅ ኬፕ፣ ከምታታ ከተማ ሰው ጭኖ እየተመለሰ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ የሚስል ሰው አልጠፋም ነበር አለኝ። «እትዬ፣ ጁላይ ላይ ታምሜ ድኛለሁ፤ ግን አባዬ ሳንባው ደካማ ነው። ቤት ከመግባቴ በፊት አሥር ቀን ደርባን ጋራዥ ውስጥ ልተኛ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አየሽ፣ እሱ ጠይቋል። ሹፌሩ ጠንቃቃ ነበር። እኔ የተማርሁት፣ አንቺ በየቤተ ክርስቲያኑ «ልጄ ሳይንቲስት ናት» የምትዪብኝ፣ ሳቅሁበት። «አንተ ሞኝ፣ አንዴ የያዘው ደግሞ አይዘውም። በእርግጠኝነት ነው የምልህ፤ ሂድና አባትህን እቀፈው» አልሁት።

በእርግጠኝነት! በዚያው ሳምንት ከምሥራቅ ኬፕ የመጡት ናሙናዎች ሁሉ አንድ እንግዳ መልክ ይዘው እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ያ መልክ አጥር ሊያልፍ እንደሚችል ሥራ ቦታ ተነጋግረንበታል። «ገና አልተረጋገጠም» ብዬ አለፍሁት። ለራሴ «አልተረጋገጠም» ስል ለወንድሜ «አላውቅም፣ አሥር ቀን ቆይ» ማለት ነበረብኝ። የገናን በዓል ሁላችንም አንድ ላይ እንድንሆን ናፍቄ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከስድስት ቀን በኋላ ሁለተኛዋ ዝርያ በቴሌቪዥን ስትነገር ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥሁት። በማግስቱ አባዬ አተኮሰው።

እሱ አባዬን አቀፈው። ሁለት ቀን ትንሽ ሳለ፤ የመንገድ አቧራ ነው ብላችሁ ዝንጅብል አፈላችሁለት። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ።

የሁለቱም ናሙና እኛ ዘንድ መጥቷል። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ግን ቀኑንና ወረዳውን አይቼ የአባቴን ለየሁት፣ የወንድሜንም ለየሁት። ሁለቱ ፊደል በፊደል አንድ ነበሩ። እንደ ባለሙያ ከጠየቅሽኝ ይህ ማን ለማን እንዳስተላለፈ አያረጋግጥም። እንደ ልጅሽ ከጠየቅሽኝ ግን በሽታው በእሱ እቅፍ እንደመጣ፣ እሱን ወደዚያ እቅፍ የላከው ደግሞ የእኔ አፍ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቀብር ላይ «አባትህን በመኪናህ ጭነህ መቃብር አወረድኸው፤ ይህን በር ዳግመኛ እንዳትረግጥ» ስትዪው እኔ አጠገብሽ ነበርሁ፤ ክንድሽን ይዤ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እሱም መኪናውን አስነስቶ ሄደ። በኋላ «ለምን አልነገርሃትም?» ብዬ ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ፣ እማ ከአንቺ በቀር ማን ቀራት? በአንድ ቀን ሁለት ልጅ ከምታጣ አንዱ ይበቃታል» አለኝ። ይኸው አሥራ አንደኛ ወሩን ይዟል። እኔ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ መድኃኒትሽን ይዤ እየመጣሁ፣ ያፈላሽልኝን ሻይ እየጠጣሁ፣ ምርቃትሽን እየተቀበልሁ እመለስ ነበር። አፈርሁ፣ እማ። ከዚህ የባሰ ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ አላውቅም።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ስለ ቅርንጫፉ ነበር። የአባዬ መንፈስ በዚያ ሆስፒታል እንደቀረ ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ በር ተዘግቶ ነበርና የሟችን መንፈስ ወደ ቤት የሚመልሰውን የኡምላህላንኮሲ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ፣ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ «አባት ሆይ፣ ወደ ቤት እንሂድ» የሚለው ሰው አልገባም። አሁን ግን እንደሚፈቅዱ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። አንቺ «አጎትሽ ይሂድ፣ ወይስ...» አልሽና ተውሽው። ያቺን «ወይስ» ሰምቻታለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ የደፈርሁት በእሷ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ሴፕቴምበር ላይ ወደ አንቺ ስመጣ በወንድሜ ሚኒባስ ነበር የመጣሁት። ሰው እስከ አፍ ጢሙ ሞልቶ ሳለ ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ባዶ ነው። አንዲት ዘንቢል የታቀፉ ሴትዮ «ሹፌር፣ ይህ ወንበር ሙሽራ እየጠበቀ ነው?» አሉት። «ተይዟል እማማ» አላቸው። «ማን ያዘው? አይታይ፣ አይከፍል! እንዲህ ያለ ባል ነበረኝ» ብለው መኪናውን በሳቅ ሞሉት። እሱም አብሮ ሳቀ። በሆስፒታሉ በር ሲያልፍ ፍጥነቱን ቀነሰ። የኡምኮማዚ ድልድይ ላይ ስንደርስ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ «አባዬ፣ ወንዙን እየተሻገርን ነው» ሲል ሰማሁት። ያለ ቅርንጫፉና ያለ አንቺ ፈቃድ አባዬ እንደማይሳፈር ያውቃል። በየምልልሱ ግን ወንበሩን ይተውለታል። እኔን መገንጠያው ላይ አውርዶኝ፣ የቤታችንን ጣሪያ ትንሽ አይቶ፣ ሄደ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። አጎቴ አይሂድ። ዛፉ ከበረቱ ኋላ አለ፤ ቅርንጫፉን በእጅሽ ቁረጪና ለሚገባው ስጪ። ቅርንጫፍ የያዘ ሰው በመንገድ ላይ ከሞተው በቀር ከማንም ጋር እንደማይነጋገር ታውቂያለሽ። ዝምታ መቼም ለምዶታል። ከመሄዱ በፊት ግን አንቺ አንድ ነገር በይው። ስሙን ከጠራሽው ስንት ጊዜ ሆነ? እኔም በዚህ ሁሉ ወረቀት ላይ ያልጻፍሁት መጀመሪያ ከአንቺ አፍ እንዲሰማው ብዬ ነው።

የምትቆጪው ሰው ካስፈለገሽ እኔ አለሁ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ከበሩ ውጭ ቁሚ ካልሽኝ እቆማለሁ።

ፈጣሪ ዓይንሽን ያብራልሽ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የአባዬ መንፈስ በሰላም ገብቶ በረቱ ዳር ይረፍ፤ ጥቁርሽን በደህና የምታወልቂበት ቀን ይምጣልሽ። ፍየሎችሽ ይርቡ፣ የማዙንጉም ጎመን ይትረፍ።

አንባቢው ደብዳቤውን አጥፎ ልሂድ ይልሻል። ዛሬ ጠዋት ተመርምሯል፣ ነጻ ነው፤ ቢሆንም አላውቅምና ቤት ውስጥ አታስገቢው። የግቢውን በር ግን ክፈቺለት። ዛፉ ሥር ወንበር አውጪለት፤ ሻይም አፍይለት። ስንት ስኳር እንደሚጨምር እኔ አልነግርሽም።

ልጅሽ