ያስቀጠረኝ መልኬ፣ ያቆየኝ እጇ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ያወጣሻል? ሳሉስ ተወሽ? እኔን አታስቢ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም።

ልብስ ስፌት ቤት መግባቴን ነግሬሽ ነበር። እንዴት እንደገባሁ ግን አፍሬ ደብቄሻለሁ። ለአንድ ቦታ ሁለት ሆነን ነው የቀረብነው፤ እኔና አብራኝ የምትኖረው ልጅ፣ ጭምቷ የምንላት። በልጅነቷ የፈላ ውሃ ፈሶባት ግማሽ ፊቷ ጠባሳ ነው። አሠሪው አንዴ ቀና ብለው አይተዋት፣ መርፌ እንኳ ሳያስይዙ ሸኟት። ለኔ ግን ወንበር ሳቡልኝ። ስፌት ትችያለሽ ወይ ሲሉኝ፣ ቁልፍ ከመትከል ሌላ የማላውቀው እኔ፣ "በደንብ" አልኩ። አንቺ መልክ ታጥቦ አይጠጣም ትዪ ነበር፤ እኔ ግን ታጥቤ ቀርቤ ተቀጠርኩበት።

በሳምንቱ ጉዴ ፈላ። የሸሚዙን የግራ እጅጌ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ሰፍቼ አስረከብኩ። አሠሪዬ ስቀው "አይዞሽ የኔ ቆንጆ" አሉኝ። ከጎኔ የምትሰፋው ሴትዮ ብታደርገው ኖሮ ቀውጢ ይሆን ነበር። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ጭምቷ ጋዜጣ በእጅጌ ቅርጽ ቆረጠችና፣ ሞላ ያለው ጎን ወደ ኋላ ነው አለችኝ። ለካ ልጅት ከልብስ ሰፊ አክስቷ ጋር ያደገች ባለሙያ ናት። ቦታዋን የወሰድኩባት ልጅ፣ እማዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ ስመለስ አስተማረችኝ። አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም።

ባለፈው ወር አንዷ ልብስ ሰፊ ሥራ ለቀቀች። አሠሪዬ "እንዳንቺ ያለች ፈልጊልኝ" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። እንዳልገባው ሰው ሆኜ ጭምቷን ይዣት ሄድኩ። ሲያዩዋት ፊታቸው ተለዋወጠ። ቢሆንም ስቀጠር መዋሸቴን፣ ያመሰገኑት ስፌቴ ሁሉ የሷ ትምህርት መሆኑን ተናዘዝኩ፤ ካስፈለገ የኔን ቦታ ይስጧት አልኩ። እሳቸውም አንድ ኮሌታ እንድትሰፋ ሰጧት። ስትጨርስ ገልብጠው አዩት፣ ደግመው አዩት፤ ይህን እጅ ይዘሽ እስከዛሬ የት ነበርሽ አሏት። እሷም ቀስ ብላ፣ "እርስዎ ዘንድ መጥቼ ነበር፤ አላዩኝም እንጂ" አለች።

አንገታቸውን ደፉ። አሁን ሁለታችንም ጎን ለጎን እንሰፋለን።

እማዬ፣ ስለሰጠሽኝ መልክ አመሰግንሻለሁ፤ በር ከፍቶልኛል። ስትጸልዪ ግን የሷን ስም ከኔ አስቀድሚ።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ወንድሜን ጠጉሩን ዳብሺልኝ፤ ታናሽ እህቴን፣ መስታወቱን ትታ መርፌ ትያዝ በያት። ጭምቷም እጅ ነስታለች።

ልጅሽ
ከስፌት ቤቱ ጓሮ ካለችው ክፍላችን
ሚያዝያ 9 ቀን